በኅዳር የተመታ ገና

ከጣሊያን መምጣት በፊት ኮልፌ ላይ ለማመን የሚያስቸግር ወሬ ሲሰማ «ይሄ የደበላ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ደበላ አንድ የገና ቀን በቆልማማ ዱላው የመታት የእንጨት ኳስ፣ እሩሯ፣ የወጨጫን ተራራ ተሻግራ፣ ሆለታ ላይ የአንዲት ሴት ድስት ውስጥ ገብታ፣ ሴትዮዋ ድንች መስላት አብራ ቀቅላት፣ ባልየው ነክሷት ጥርሱን ሰብሮ፣ የተሰበረውን ጥርስ በጨርቅ ቋጥሮ ካሳ ፍለጋ ኮልፌ ድረስ እንደመጣ ያወራ ነበር። ያወራ ነበር ማለት እንኳ ይከብዳል። ገና ድስቷ ጋ ሳይደርስ ራሱን ሳቅ ያንቀውና እንባውን እየጠረገ ይቀራል፤ ሰዉም የሚስቀው በወሬው ሳይሆን በሱ መንፈራፈር ነው። የጥርሱ ነገር የታወቀው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ጣሊያን ገብቶ በየካቲት፣ ከተማው ሲነድ በሰነበተበት ሳምንት፣ ወታደሮቹ ታናሽ ወንድሙን ገረሱን ከጭድ ክምር ሥር ጎትተው ወሰዱት። ደበላ ቆሞ አየ። ያለቀሰ መስሎት ነበር፤ በኋላ ሲያስበው አላለቀሰም። አልተቆጣምም። ውስጡ ያለ አንድ ነገር ተቀምጠውበት እንደቆዩት እግር ደነዘዘ። እግር እንኳ ቆይቶ ይነዝራል፤ ያ ነገር ግን እንደደነዘዘ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያርሳል፣ ይበላል፣ ላገኘው ሰው ሰላምታ ይሰጣል። ውሸቱንም አልተወም፤ አፉ ስለለመደው ይዋሻል። አሁን ግን ሳቅ አያመልጠውም፤ ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ነው የሚናገረው። ጉዱ የመጣውም እዚህ ላይ ነው። ሰው ያምነው ጀመር።

መጀመሪያ ያመኑት ስለ ጉድጓዶቹ የነገራቸውን ነው። ጣሊያኖቹ ከቀራንዮ መንገድ በታች ካለው ሜዳ ላይ ከብቱን አባረው፣ ሣሩን አጭደው፣ እዚህና እዚያ ጣሳ የሚያክሉ ጉድጓዶች ቆፍረው በየጉድጓዱ ትንንሽ ባንዲራ ተከሉ። ሜዳው ኮልፌ በሙሉ በየዓመቱ ለገና የሚፈነካከትበት ነው። ምን ሊያደርጉበት ይሆን ሲባል፣ ደበላ የመሬቱን ትኩሳት ሊለኩ ነው አለ። ሰዉ ከብቱን ትኩሳቱ እንዳይዝበት ብሎ ለብዙ ጊዜ በረጲ በኩል እያዞረ ነዳ።

በኋላ አንድ ወፍራም መኮንን በቀጭን የብረት ዱላ እንቁላል የምታህል ነጭ እሩር መትቶ፣ ተከትሏት ሄዶ፣ እንደገና መትቶ፣ እንደገና ተከትሏት ሲሄድ ታየ። ነገሩ ገና ነው፤ ይሄን ለማወቅ ኮልፌ አስተማሪ አላስፈለገውም። ግን ምን ዓይነት ገና ነው? የሚቀማው የለም። የሚሮጥ የለም። አብሮት ያለው ሰው ቅልጥሙን አይለውም፤ ቆሞ ያጨበጭብለታል። አሮጊቶቹ አዘኑለት። ይሄ ሰው ከወገኖቹ ተጣልቶ መሆን አለበት እንጂ ጤነኛ ሰው ለብቻው ገና አይመታም አሉ። ስሙንም የጣሊያን ገና ብለው አወጡለት።

መኮንኑ ካፒታኖ ቤሎኒ ይባላል፤ የመንገድ ሥራ አዛዥ ነው። ለዚያ ጨዋታ ነፍሱን ይሰጣል፤ ጨዋታው ግን ለሱ ምንም አልሰጠውም። እሩሯ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ታጥፋ ቀጋ ውስጥ ትገባለች። ከቀጋ ውስጥ ፈልጎ የሚያወጣለት ሰው ሲያስስ ደበላን አገኘ፤ ገና የለመደ ዓይን እሩር የት እንደወደቀች አያጣም። እንዲህ ሆኖ ደበላ የካፒታኖውን የዱላ ከረጢት ተሸካሚ ሆነ። በመካከላቸው ተክለማርያም የሚባል አስተርጓሚ አለ። ጎጃሜ ነው፤ ሚሲዮን ቤት ገብቶ ግማሹን ተምሮ ግማሹን ትቶ የወጣ፣ የማያውቀው የጣሊያንኛ ቃል ሲገጥመው ከራሱ ሞልቶ የሚያልፍ።

ካፒታኖው በየሳምንቱ አንድ ወረቀት በታይፕ እየመታ የመኮንኖቹ ቆርቆሮ ቤት በር ላይ ይለጥፋል። ከላይ የውድድር ዜና ነው። በእንግሊዝና በፈረንሳይ አገር ይሄን እየመቱ እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ ማን ማንን እንዳሸነፈ በመርከብ ከሚመጣ ያደረ ጋዜጣ እየቀዳ ይጽፋል። ከታች ደግሞ እንደሱ ላሉት፣ ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ለሚመቱት፣ ምክር አለ። ደበላ እንጀራ የሚበሉበት ሰዎች መኖራቸውን ሲሰማ ተክለማርያምን ደጋግሞ አስጠየቀ። አያርሱም? አያርሱም። አይነግዱም? አይነግዱም። ያን ዕለት ጠላ ቤት ገብቶ፣ እንግሊዝ አገር ሰውየው ከመታ በኋላ እሩሩን ንጉሡ ራሱ በበቅሎ እየጋለበ እንደሚያመጣለት ነገራቸው። በቅሎዋ ምን ዓይነት እንደሆነች ብቻ ነው የጠየቁት።

ምክሩ ላይ የደበላ ቃል የገባው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ካፒታኖው እሩሯን ለስንተኛ ጊዜ ቀጋ ውስጥ ከከተታት በኋላ ዱላውን ወረወረና፣ ይሄ ጥቁር ሲያየኝ ነው የከረመው፣ ምን እያጠፋሁ እንደሆነ ጠይቀው አለ። ደበላ ምንም አላሰበም።

«ቀበቶው ነው» አለ።

ሽጉጡ በቀኝ በኩል ተንጠልጥሏል፤ ብረት ብረትን ይስባል፤ ዱላውም ብረት ነው። ካፒታኖው የደበላን ፊት አየ። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ቀበቶውን ፈቶ ጽድ ላይ ሰቀለና መታ። እሩሯ ቀጥ ብላ ሄደች። ታፍኖ የኖረው ሆዱ ስለተለቀቀ ይሁን፣ ወይስ እግዜር መጫወት አምሮት፣ ማን ያውቃል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱ ላይ ወጣ። መኮንኖቹ ሁሉ ቀበቶና ሽጉጣቸውን ጽዱ ላይ እየሰቀሉ፣ በምትና በምት መሃል ሱሪያቸውን እየሰበሰቡ ይጫወቱ ጀመር። የኮልፌ ሴቶች ከአጥሩ ኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ያያሉ። ከዚያማ ምክር በየሳምንቱ ሆነ። ማጅራትን ለጋ ቅቤ መቀባት። ነፋስ ከወጨጫ ሲመጣ የግራ ጫማ ማውለቅ። ከመምታት በፊት እሩሯን ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት፣ ካልነሷት ትቀየማለችና። ዜናውም ላይ የአገሬው ባለሙያዎች የሚል አዲስ ክፍል ተጨመረ፤ የወሊሶው አንድ ዓይና እሩር መትቶ ሰማይ ላይ ያለችውን ጭልፊት ጥሎ ከነጫጩቷ እንዳወረደ፣ ስለዚህም ሰርግ ያለበት ሰው ሁሉ በሬ እየከፈለ እንደሚያስመታው፣ ተክለማርያም ደግሞ ከራሱ ጭልፊቷን ወደ ንስር ከፍ አድርጎ፣ በታይፕ ተመትቶ ወጣ። ደበላ ይሄን ሁሉ ሲያወራ ደስታ አልተሰማውም። ክፋትም አልተሰማውም። ከረጢቱ ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ ሲዞር እንኳ ክብደቱ የሌላ ሰው ትከሻ ላይ ያለ ይመስለው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ ነበር። ገረሱ።

ገረሱ የታሰረው ከአስኮ መንገድ ዳር በግንብ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው፤ የተባለው እንደዚያ ነው። ሚስቱ ዱሬቲ ስንቅ ትወስዳለች፤ ዘበኞቹ ይቀበላሉ፤ ገብቶለት ይሁን በልተውት አትሰማም። ጎረቤቱ ምን እንደሚላት ግራ ገብቶታል። ጥቁር ልበሽ እንዳይሏት፣ ባሏ አልሞተ። ቀጥ ብለሽ ኑሪ እንዳይሏት፣ ባሏ የለ። ለቅሶ ቤት ስትሄድ እንኳ ከሚያለቅሱትና ከሚያጽናኑት መሃል የትኛው ጎን እንደምትቀመጥ ሳታውቅ ደጃፉ ላይ ቆማ ትመለሳለች።

የእስር ቤቱ አዛዥ ማጆሬ ራጋሊ ነው፤ እሱም የጣሊያን ገና ይመታል፣ ያውም ከካፒታኖው አብልጦ። ደበላ በተክለማርያም በኩል ካፒታኖውን ስለ ወንድሙ ሲያስለምነው፣ ከማጆሬው ጋር አንዋደድም እያለ ይገላግለው ነበር። በጥቅምት የመኮንኖቹ ውድድር መጣና፣ ሌላው ሁሉ ተሸንፎ ቤሎኒና ራጋሊ ቀሩ። በምሳ ላይ ተፎካከሩ። ካፒታኖው ካሸነፈ፣ ሜዳውን የሚያስተካክሉለት እስረኞች ማጆሬው ይሰጠዋል፤ መራጩም ካፒታኖው ነው፤ ሊጠራ ያሰበው የመጀመሪያው ስም ገረሱ ነው። ማጆሬው ካሸነፈ፣ ያንን ረጅሙንና ምክር አዋቂውን ከረጢት ተሸካሚ ይወስዳል።

«በሰው ነው የሚወራረዱት?» አለ ደበላ፣ ተክለማርያም ሲነግረው።

«ታዲያ በምን ይወራረዱ? ከኛ ሌላ እዚህ አገር ምን አላቸው?»

ደበላ ለዱሬቲ ነገራት። አመነችው አላመነችው አልለየለትም፤ ብቻ የገረሱን ጋቢ አውጥታ አጥባ አጥሩ ላይ አሰጣች።

የውድድሩ ዕለት ደበላ አንዲት ውሸት አልተናገረም። ማጅራቱን ቅቤ ተቀብቶ ጫማውን ሊያወልቅ የተዘጋጀውን ካፒታኖ፣ አያውልቁት አለው። እሩሯ ከሄደች በኋላም ዓይንዎን ከነበረችበት ሣር ላይ አያንሱ። ዱላውን ይጨብጡት እንጂ አይነቁት። ትንፋሽዎን ሲመቱ እንጂ ከመምታትዎ በፊት አይልቀቁ። እነዚህን የነገሩት አባቱ ናቸው፣ እዚሁ ሜዳ ላይ። ካፒታኖው በዕድሜው እንደዚያ ቀን መትቶ አያውቅም። የኮልፌ ሰው የወሬው ፍንጭ ደርሶት ከመንገዱ ማዶ ተሰብስቧል፤ ስለ ጉድጓዱ ቁጥር ምንም አያውቅም፤ የደበላ ወገን ካሸነፈ ገረሱ ይወጣል፣ ይሄን ብቻ ያውቃል።

የመጨረሻዋ ጉድጓድ ላይ እኩል ደረሱ። የካፒታኖው እሩር ከጉድጓዱ አፍ ስንዝር ርቃ ቁጭ ብላለች፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚመታም አይስታትም። ማጆሬው ግን ከሩቅ ነው የሚመታው፤ ካልገባለት አለቀ፣ ገረሱ ወጣ። ደበላ ባንዲራውን ነቅሎ በአንድ እጁ፣ የካፒታኖውን ዱላ በሌላ እጁ ይዞ ከጉድጓዱ ኋላ ቆሟል።

ኮልፌ በገና ሲሰለፍ የደበላ ቦታ የኋላ ጠባቂነት ነው። የኋላ ጠባቂ ሥራው አንድ ነው፤ ወደሱ የመጣች እሩር አታልፍም። ጥርሱ ሲረግፍ፣ ክርኑ ሲሰበር፣ አታልፍም። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እጁ የተማረው ይሄን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሁሉ የተማረው አፉ ነው።

ማጆሬው መታ። እሩሯ እየተንከባለለች መጣች። ወደ ግራ አዘንብላለች፤ እንደማትገባ ደበላ አየ። አየ ስላችሁ፣ በደንብ አየ፤ ከጉድጓዱ ጎን አልፋ እግሩ ሥር እንደምትቆም ሣሩ ላይ መንገዷ የተሰመረ ያህል ታየው። ምንም አላሰበም። ባንዲራው መሬት ወደቀ፣ ሁለት እጁ ዱላው ላይ ገጠመ፣ እና ያቺን ነጭ እሩር አገኛት። ጽዱን አልፋ፣ መንገዱን አልፋ፣ ወደ አስኮ በኩል ጠፋች።

ከመንገዱ ማዶ ኮልፌ ሆ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ሽማግሌ ኮፍያውን ወረወረ። ያሸነፉ መስሏቸዋል፤ እሩር ከደጅ ላይ ተመልሳ እንዴት ድል አይሆን።

ሜዳው ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካፒታኖው ሕጉን የሚያውቀው በቃሉ ነው፤ ስንቴ ወረቀቱ ላይ አትሞታል። በጣሊያን ገና ከረጢት ተሸካሚና ጌታው እንደ አንድ ሰው ናቸው፤ ተሸካሚው የባላጋራን እሩር ከነካ ጌታው ያቺን ጉድጓድ ተሸነፈ። ቀስ ብሎ መጥቶ ደበላን በጥፊ መታው። ማጆሬው እየሳቀ፣ ሜዳው ላይ እስከዛሬ ካየኋት ምት ሁሉ ይቺ ትበልጣለች፣ ሰውየውን ሰኞ ላክልኝ አለ። ደበላ ጉንጩን አልዳሰሰም። መዳፉ ብቻ ሲነዝረው ይሰማው ነበር፣ ያችን ቅጽበት፣ ከዚያ እሱም ተወው።

ማታውኑ ለዱሬቲ ሲነግራት ሌላ ሰው ስላደረገው ነገር የሚያወራ ይመስል ነበር። አልተሳደበችም። ጋቢውን ከአጥሩ ላይ አውርዳ አጣጠፈችው።

ሰኞ ማለዳ ደበላ የማጆሬውን ከረጢት ሊያመጣ በእስር ቤቱ በር ገባ። እንዲህ በቀላሉ እገባለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ለማጆሬው ዱላ ነው ሲለው ዘበኛው ዞር እንኳ ብሎ አላየውም። ግቢው ውስጥ ጥቂት እስረኞች ይጠርጋሉ። ከነሱ አንዱ የአስኮው ወዬሳ ነው፤ በገና ስንቴ ተፈነካክተዋል። ከስቶ ጆሮው ብቻ ቀርቷል። ደበላ ጫማውን የሚያጠብቅ መስሎ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ገረሱስ የት ነው የሚያድረው?»

ወዬሳ መጥረጉን አላቆመም። «አልነገሯችሁም?»

«ምኑን?»

«በገባን ጊዜ ነው፣ በመጀመሪያው ክረምት። ተስቦ ገብቶ ብዙ ሰው ወሰደ። ከዚያ ከግንቡ ኋላ ነው ያለው፤ እኔም ቆፍሬያለሁ።»

«ማጆሬው ያውቃል?»

«እሱ ምን ያውቃል። ጠዋት ስንቆጠር ልክ ከመጣን ይበቃዋል፤ ማን ማን እንደሆንን መች ይጠይቃል። ለጎደለው ሌላ ያመጣል።»

ደበላ ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ። ሁለት ሰዎች በአንድ ሙት ሲወራረዱ ነበር የዋሉት። ዱላውን ባይሰነዝርም ኖሮ ማንም አይወጣም ነበር። ይሄ ቢያንስ እፎይ ሊያሰኘው በተገባ፤ እፎይታውን ጠበቀው፣ ጠበቀው፣ አልመጣም። ቀኑን ሙሉ ማጆሬው እየመታ እሱ እየተሸከመ ዋለ። እሩር አልጠፋበትም።

ዱሬቲ ደጅ ስንዴ እየለቀመች ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ገረሱ ሞቷል» አለ።

ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ ልቤ እንዲያርፍ ብለው የፈጠሩት ከሆነ ይተውት። እርስዎን ያመነ ስንቱ ከብቱን በረጲ አዞረ።»

«ወዬሳ ነው የነገረኝ። በእጁ ቀብሮታል።»

«ምን አለበሱት?»

ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ አንድ ነጭ ሸማ ፈጥሮ፣ ጠርዙንም ጠልፎ ይሰጣት ነበር። «አልጠየቅሁም» አለ።

በዚህ አመነችው። ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አንስታ ወደ ጎን አስቀመጠች። እዬዬ ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ከየካቲት ወዲህ ብዙ ሰው አንድ ግቢ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ በቀደም አስኮ ላይ ለቅሶ የተሰበሰቡትን ወታደር መጥቶ በሰደፍ በትኗቸዋል። ዱሬቲ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ሌባ ጥግ ይዤ አላለቅስለትም አለች። ይሄን ያህል ጊዜ አፌን ዘግቼ የኖርሁት ይበቃል፤ ሰው ፊት፣ አደባባይ፣ እርሜን ላውጣ አለች። ከዚያ በኋላ ከደበላ ጋር ስለ ሌላ ነገር አላወራችም።

እሑድ ደበላ ካፒታኖውን ፍለጋ ቆርቆሮ ቤቱ ሄደ። ካፒታኖው እንደተቆጣ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶት ታይፑ ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱ ግን ባዶ ነው። መርከቧ ዘግይታለች፤ ዜና የለም፤ ምክርም ከደበላ መወሰድ ወዲህ ደርቋል። ተክለማርያም በሩ ላይ ተደግፎ ይዛጋል።

ደበላ ተክለማርያምን፣ በአገራችን ትልቁ ውድድር ደርሷል በለው አለው። ከአስኮ፣ ከቀራንዮ፣ ከሆለታ ሳይቀር ባለሙያዎች ይመጣሉ፤ ሜዳውን ለአንድ ቀን ቢፈቅዱልን መኮንኖቹም ወንበር ይዘው መጥተው ማየት ይችላሉ።

ተክለማርያም መዛጋቱን አቋረጠ። «ገና በኅዳር?» አለ ቀስ ብሎ። «ምነው፣ ታኅሣሥን ማን በላው?»

«የገረሱ ለቅሶ ነው» አለ ደበላ።

ተክለማርያም ወደ ካፒታኖው ዞረና ብዙ ተናገረ። እጁን እያወናጨፈ፣ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ደበላ ከተናገረው ሦስት እጥፍ። ካፒታኖው ፊቱ እየፈካ መጣ፤ ማኅተም ያለበት ፈቃድ ጻፈ። ሲወጡ ደበላ ምን ብለህ ነው ያን ያህል የረዘመው ቢለው፣ ተሸናፊው ወገን ክፉኛ ያለቅሳል፣ ልማዳቸው ነው፣ እንዳይደነግጡ ብዬዋለሁ አለ። ሴቶቹም ደረታቸውን የሚመቱት ክንዳቸውን ለማሟሟቅ ነው ብዬዋለሁ።

ወሬው በኮልፌ ሲዞር ማንም ማብራሪያ አልፈለገም። ለገረሱ በኅዳር ገና ምቱ ሲባል ሰው ሁሉ እሺ፣ እንመጣለን አለ። ገና ዱላ ያለው ዱላውን፣ የሌለው የመቆፈሪያ እጀታ ይዞ መጣ። የቀራንዮው ቄስ እንኳ ከመቋሚያቸው ጋር አንድ ቆልማማ እንጨት ይዘው መጡና ከሰልፉ ኋላ ቆመው ፍታቱን በአፋቸው ውስጥ ጀመሩ። ወዲያና ወዲህ ተሰለፉ። መኮንኖቹ ሽጉጣቸውን ጽዱ ላይ ሰቅለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ማጆሬው እግሩን አነባብሯል።

ዱሬቲ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሁለቱ ሰልፎች መሃል ገባች። የገረሱን ዱላ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ያዘች። አንዱ እሩሯን መታ፣ ሌላው መለሰ፣ ሦስተኛው ሳይመታ ቆመ። ያኔ ድምጿ ወጣ፤

«ገረሱ ገረሱ፣ የሜዳው አለኝታ፣
ማን ይሮጥልኛል እሩሩ ሲመታ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ደረት መመታት ጀመረ፤ ከመሬት የሚመጣ ድምፅ ይመስል ነበር። ወንዶቹ ዱላቸውን እያነሱ እየጣሉ፣ ወንድሜን፣ ወንድሜን እያሉ ሜዳውን ዞሩት። የገረሱ ብቻ አልነበረም፤ የየካቲቱን ሟች ያላለቀሰለት ቤት ስንት ነው። የራሳቸውን ስም እየጠሩ ይጨምሩ ነበር። መኮንኖቹ አጨበጨቡ። አንድ ወጣት መቶ አለቃ ከወንበሩ ተነስቶ ደረቱን እየመታ ክንዱ ይሟሟቅ እንደሆነ ሞከረ።

ታላቅ ወንድም ነውና ሰው ደበላን ጠበቀው። በለቅሶ ላይ ታላቅ ወንድም የሟቹን ጀግንነት ይናገራል። ወደ መሃል ወጣ። ከእንባው ጋር ተፈላልገው አልተገናኙም። አፉን ሲከፍት፣ እሩሯ ከገረሱ ዱላ ተነስታ ጅማ ስትገባ ሊሰሙ ሁሉም ጆሯቸውን ሰጡ።

«ገረሱ ገና አይችልም ነበር» አለ። «ሲመታ ይስት ነበር። አንዴ የገዛ እግሩን መትቶ ወር ተኝቷል። ግን በየዓመቱ ይመጣ ነበር።»

ከፊሉ ሰው ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ፤ ዱሬቲ ዱላውን እንዳቀፈች ቁጭ አለች፤ ሴቶቹ ከበቧት። ደበላ መሃል ላይ እንደቆመ ቀረ። ቄሱ አጠገቡ መጥተው ትከሻውን ያዙት። ያዙት እንጂ እጃቸው ተሰምቶታል ማለት አይደለም።

ፀሐይ ወደ ወጨጫ ስታዘነብል ሰው አንድ ሁለት እያለ፣ ዱሬቲን እግዜር ያጥናሽ እያለ፣ ይበተን ጀመር። ካፒታኖው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ መጣ። ጨዋታው በደንብ አልገባኝም፣ ግን እንዲህ በሙሉ ልብ ሲጫወቱ አይቼ አላውቅም አለ። ለወረቀቱ የአሸናፊው ስም ያስፈልገዋል፤ ማን አሸነፈ?

ተክለማርያም ይሄን ተረጎመና፣ ከራሱ ምንም ሳይጨምር ደበላን አየው።

«ገረሱ» አለ ደበላ።

ካፒታኖው ስሙን ከየት እንደሚያውቀው ሳያስታውስ አስደግሞ ጻፈ። የትኛው እንደሆነ አሳየኝ፣ እጁን ልጨብጠው አለ።

«ሄዷል በለው።»

ማዶ ላይ የማጆሬው ወንበር እየታጠፈ ነበር። ደበላ ከረጢቱን ከሣሩ ላይ አንስቶ በትከሻው አደረገና በእስር ቤቱ መንገድ ማጆሬውን ከኋላ ተከተለ።